አይሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ

አይሮፕላን በአየር ላይ ሳለ የነጂው ነው። ወደ መሬት ሲቀርብ ግን የብዙ ሰዎች ይሆናል። የሜዳውን ሣር ያጨደው ወይም ሳያጭድ የተወው፣ የውኃ መውረጃውን ቦይ የጠረገው ወይም ደለል እስኪሞላው ድረስ ዝም ያለው፣ ከብቱን ከሜዳው ያራቀው ወይም «ዛሬ አይሮፕላን አይመጣም» ብሎ ያሰማራው ሰው ሁሉ የማረፉ ተካፋይ ነው። ነገሩ ግልጽ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ አንድ ትንሽ አይሮፕላን በገጠር ሜዳ ላይ ሲያርፍ እግሩ ተሰብሮ ወይም በክንፉ መሬት ጭሮ ቆመ የተባለ እንደ ሆነ የሁላችንም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ነጂው ማን ነበር?» እንላለን። ሜዳውን ማን ይጠብቀው እንደ ነበር የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አይገኝም። እኛ ዛሬ ልንናገርለት የፈለግነው ይኸው ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ነገሩን በጋሞ አገር ላይ አድርገን ብናየው ይበልጥ ይገባናል። ከጨንቻ ደጋ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ በ37 ኪሎ ሜትር ያኽል መንገድ ውስጥ ገብስና እንሰት ከሚበቅልበት፣ ጋቢ ከማይወልቅበት ብርድ ተነሥቶ ሙዝና ማንጎ ወደሚበቅልበት ቆላ ይደርሳል። የጉጌ ተራራ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከተራሮቹ ግርጌ የተዘረጉት የዓባያና የጫሞ ሐይቆች ግን ከ1,100 እስከ 1,200 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጋራ ቆሟል። የአርባ ምንጭ አይሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ዓባያ በኩል ባለው ሜዳ ላይ፣ በ1,190 ሜትር ገደማ ከፍታ የተሠራ ነው። ዛሬ አስፋልት የለበሰው መንደርደሪያው ወደ 2,800 ሜትር ያኽል ርዝመት ስላለው ትልልቅ የመንገደኛ አይሮፕላኖችን ያስተናግዳል። በሴቻ ከፍታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሥፍራው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነውና እዚህ ላይ አይሮፕላን ማሳረፍ ምን ያስቸግራል ያሰኛል።

የሚያስቸግረው ዓይን የማያየው ነገር ነው። አየር በከፍታ ይሳሳል፤ በሙቀትም ይሳሳል። በአርባ ምንጭ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ጊዜ አየሩ በባሕር ዳርቻ በመደበኛ ሙቀት ካለው አየር ከመቶ 18 እጅ ያኽል የሳሳ ይሆናል። አይሮፕላኑም የሚሠራው በ1,190 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ሳይሆን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቀዝቃዛ ደጋ ላይ እንደ ወጣ ሆኖ ነው። ይህ ሒሳብ ለተማሪዎቻችን ከባድ ስላልሆነ ጥቂት ገፋ አድርገን እንየው። በነጂው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ የሚለካው አየሩ የሚገፋውን ግፊት ነው። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱ ያንሳል፤ ስለዚህ መርፌው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እያለ አይሮፕላኑ በእውነት የሚጓዘው 132 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። ነጂው የለመደውን ቁጥር በመርፌው ላይ ያያል፤ ጎማው ግን ከለመደው በላይ በሆነ ፍጥነት መሬት ይነካል። ፍጥነት በአንድ ዐሥረኛ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት የሚጨምረው በአንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ርቀቱ የሚያድገው እንደ ፍጥነቱ ሳይሆን እንደ ፍጥነቱ ካሬ ነውና።

አሁን ነፋሱን እንጨምርበት። በሐይቅና በተራራ መካከል ባለ ሥፍራ ማለዳው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ተራራው ይነፍሳል፤ ሲመሽ ደግሞ አቅጣጫውን ለውጦ ከተራራው ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ያው በ132 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ትንሽ አይሮፕላን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ለፊቱ ቢመጣለት መሬት የሚነካው በ117 ነው። ነፋሱ ከኋላው ከሆነ ግን በ147 ይሆናል። በመጀመሪያው አኳኋን በ400 ሜትር ይቆም የነበረ አይሮፕላን በሁለተኛው ከ600 ሜትር በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። ሜዳው 500 ሜትር ከሆነ ቀሪውን 100 ሜትር ከየት ያመጣል? ከቦይ፣ ከአጥር፣ ወይም ከሰው ማሳ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ልዩነት ለነጂው የሚነግረው ዕቃ ምን ያኽል ገንዘብ የሚጠይቅ ይመስላል? ከምሰሶ ጫፍ የሚንጠለጠል አንድ የጨርቅ ከረጢት ነው። ነፋሱ ሲሞላው ተወጥሮ አቅጣጫውን ያሳያል፤ ነፋሱም ሲደክም ይወድቃል። ጨርቁ በፀሐይ ነድዶ፣ በዝናብ በስብሶ፣ ተቀድዶ ጭራ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ግን ከላይ ለሚመለከት ሰው ምንም አይናገርም። ጨርቁን የሚለውጥ ሰው የበረራ ትምህርት አያስፈልገውም፤ መሰላልና መርፌ ክር ይበቃዋል። አንድ ወጣት የወረዳ ሠራተኛ ሜዳውን ሊጎበኝ በሄደ ጊዜ ሌላው ሁሉ ቢቀር ቀና ብሎ ይህን ጨርቅ ቢያይ በዚያ ቀን የብዙ ሰው ደመወዝ የሚያኽል ሥራ ሠራ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የሣር ሜዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የእንግሊዝ አገር ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለትንንሽ አይሮፕላን ነጂዎች በሚሰጠው መመሪያ ደረቅ ሣር ለማረፍ የሚያስፈልገውን ርቀት ከመቶ 15፣ እርጥብ ሣር ደግሞ ከመቶ 35 እንደሚጨምር አድርገው እንዲያስቡ ይመክራል። በጣም አጭር የሆነ እርጥብ ሣር እጅግ አንሸራታች ስለሆነ እስከ መቶ 60 ሊጨምር እንደሚችልም ያስጠነቅቃል። በጋሞ አገር ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ትልቁ በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ ሁለተኛው ከመስከረም ጀምሮ ነው። ስለዚህ በየካቲት ጥሩ የነበረ ሜዳ በሚያዝያ ያው ሜዳ አይደለም። ውኃ የቋጠረ አንድ ጉድጓድ ከላይ ሲታይ እንደ መስተዋት ያበራል እንጂ ጥልቀቱን አይናገርም፤ የፊተኛው ጎማ ሲገባበት ነው የሚታወቀው።

ስለ ሣር ሜዳዎች ስንናገር ያለፈውን ዘመን ማስታወስ ይገባናል። አይሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በገፈርሳ ሜዳ ነው፤ ያን ጊዜ አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ በአገር ውስጥ ያሰማራቸው ከጦርነት የተረፉ ባለ ሁለት ሞተር የዳግላስ አይሮፕላኖች ነበሩ። መንገደኛው በጎንና በጎን ባለው ታጣፊ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ በመካከሉ ወለል ላይ ይታሰራል። በቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት እንደ ቡልቂና እንደ ጂንካ ያሉት ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር የሚገናኙት በእነዚህ አይሮፕላኖች ነበር። መኪና ከማያልፍበት ገደል ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ጎማ ያለው ነገር ያየው በመጀመሪያ ከሰማይ ሲወርድ ነው ቢባል ቀልድ አይደለም። ዛሬ ከእነዚያ ሜዳዎች ብዙዎቹ መደበኛ በረራ የላቸውም፤ አንዳንዱ ማሳ፣ አንዳንዱ መንደር ሆኗል።

የጂንካ ነገር ግን ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። አዲሱ ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት የጂንካ አይሮፕላን ሜዳ በከተማው መካከል የተዘረጋ የሣር መስክ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛው ያቋርጠዋል፤ አይሮፕላን በሚመጣበት ጊዜ ደግሞ የአይሮፕላን ሜዳ ይሆናል። እኛ በዚህ ሕዝቡን አንወቅስም። ሰው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያገለግል ሰፊና ለጥ ያለ ሣር በከተማው መካከል እያየ ከብቱን ወደ ተራራ ይነዳል ብሎ የሚያስብ ሹም ከብት አርብቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ለከብቱ ሌላ መስክ፣ ለልጆቹ ሌላ የኳስ ሜዳ፣ ለገበያተኛው ሌላ መተላለፊያ ሳያበጁለት «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ብቻ መትከል ሥራ ሠራሁ ለማለት ያኽል ነው። ላም ደግሞ ማንበብ አትችልም።

ሆኖም ከከብት ይልቅ የሚያስፈራን ወፍ ነው። በዚህ ረገድ አገራችን በውድ ዋጋ የገዛችው ትምህርት አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አስመራ ይሄድ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። ነጂዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመልሱት ሞከሩ፤ ነገር ግን ሞተሮቹ ኃይላቸውን ስላጡ ከመንደርደሪያው ሳይደርስ በሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ እሳትም ተነሣ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች መካከል 35ቱ ሞቱ። አይሮፕላኑ አገር ውስጥ ከገባ ገና ዓመት ያልሞላው አዲስ ነበር። ሞተሩ አዲስ መሆኑ፣ ነጂዎቹም የተማሩ መሆናቸው በርግብ ፊት አላዳነም።

ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ብዙ የሚመሳሰሉበት ነገር አላቸው። ሁለቱም በሐይቅ ዳር ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በሁለቱም ዓሣ ይጠመዳል፣ ዓሣ ይበላል፣ የዓሣ ትራፊ ይጣላል። በጫሞና በዓባያ ዳር ቆሮሶውና አምባዛው ታርዶ ሲጸዳ አባ ኮዳና ፔሊካን የሚባለው ትልቁ የውኃ ወፍ ተሰልፈው አንጀት ሲጠባበቁ ያላየ ጎብኚ የለም። ለሚያየው ሰው ደስ የሚያሰኝ ትርዒት ነው። ነገር ግን አባ ኮዳ እስከ 9 ኪሎ፣ ነጩ ፔሊካን ደግሞ 10 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ባሕር ዳር ላይ ያን ሁሉ ጥፋት ያደረሰች ርግብ ግን በአንድ እጅ የምትያዝ ናት። ከዚህም በላይ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከአውሮፓና ከእስያ ለሚመጡ ወፎች ማደሪያ ስለሆኑ በመስከረምና በጥቅምት፣ ደግሞም በመጋቢትና በሚያዝያ የወፉ ብዛትና ዓይነት ይለዋወጣል። ዝናቡና የወፉ ጉዞ በአንድ ወራት መግጠማቸውን ልብ ይሏል።

ወፍን መከልከል አይቻልም፤ ሐይቁ የእርሱም ነው። የሚቻለው እንዳይጠራ ማድረግ ነው። የቄራ ትራፊ የት ይጣላል? የሲቀላ ገበያ ቆሻሻ በየትኛው በኩል ይከማቻል? የሞተ ከብት ከተገኘ ስንት ቀን ሳይቀበር ይቆያል? ጥንብ አንሣ ከሩቅ ያየዋልና። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው የማዘጋጃ ቤት የጽዳት ሹም እንጂ የአየር መንገዱ ነጂ አይደለም። የጽዳት ሹሙ ግን በአይሮፕላን ደኅንነት ውስጥ ድርሻ እንዳለው አንድ ሰው ነግሮት ያውቃል ወይ? እኛ እንጠራጠራለን። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ሰው ሥራውን በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ልክ ያውቃልና የጽዳቱ ሰው ስለ ጽዳት፣ የአይሮፕላን ማረፊያው ሰው ስለ አጥሩ ውስጥ ብቻ ያስባል። ወፉ ግን አጥር አያውቅም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። አደጋ ሲደርስ ሁሉን በነጂው ላይ መጣል ከየት የመጣ ልማድ ነው? በአገራችን ከሚታወቁት የትንሽ አይሮፕላን አደጋዎች ቀደም ያለው በጥቅምት ወር 1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓል ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በአዲስ አበባ የደረሰው ነው። ሁበርት ጁልየን የተባለው በትሪኒዳድ የተወለደ ጥቁር አይሮፕላን ነጂ የንጉሡን አዲስ ጂፕሲ ሞዝ አይሮፕላን አስነሥቶ በባሕር ዛፍ ላይ ጣለው፤ እርሱ ዳነ፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ጋዜጣና መጽሐፍ እስከ ዛሬ ስለ ሰውየው ትምክህት ይተርካል፤ በእርግጥም ትምክህተኛ ነበር። ነገር ግን አንድ መቶ የፈረስ ጕልበት ብቻ ያለው ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከኃይሉ አንድ አራተኛ ያኽሉን እንደሚያጣ፣ ባሕር ዛፍም በየዓመቱ ቁመት እንደሚጨምር የሚያነሣ ሰው እምብዛም አላጋጠመንም። ሰውን መውቀስ ታሪክ ለማውራት ይመቻል። ስለ ሳሳ አየርና ስለ ዛፍ ቁመት ማውራት ግን አድማጭ የለውም።

በእኛው ዘመን ደግሞ ይኸው ልማድ በከባድ ሐዘን ላይ መጣብን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ በውጭ አገር የረዳት አብራሪው የበረራ ሰዓት ማነስ እንደ ዋና ጉዳይ ተወራ። አምስት ወር ሳይሞላ አስቀድሞ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በኢንዶኔዥያ ያው ዓይነት አይሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ወድቆ ነበር። ኋላ እንደ ታወቀው በሁለቱም ላይ አንድ መለኪያ የሰጠውን የሐሰት ምልክት ተቀብሎ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት የሚደፋ የራሱ የአይሮፕላኑ መሣሪያ ነበረ። ኩባንያውም በ2014 ዓ.ም. ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች ኃላፊ መሆኑን በፍርድ ቤት ፊት አምኗል። ያን ጊዜ «ስለ ወገኖቻችን አስቀድማችሁ አትፍረዱ» ብለን የተቆጣን ሁሉ፣ በአገራችን ገጠር አንድ ትንሽ አይሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ ቦይ ውስጥ ሲገባም ያንኑ ትዕግሥት ማሳየት ይገባናል።

ይህን ስንል ነጂ አይሳሳትም ማለታችን አይደለም። ታኅሣሥ 9 ቀን 2006 ዓ.ም. በታንዛንያ ወደ ኪሊማንጃሮ ማረፊያ ይሄድ የነበረ የአየር መንገዳችን ትልቅ ቦይንግ 767 በአቅራቢያው ባለው በትንሹ በአሩሻ ሜዳ አርፎ ከአስፋልቱ ወጥቶ ሣር ውስጥ ቆሟል፤ ሰው ባይጎዳም ሜዳው ለእንዲህ ያለ አይሮፕላን የተሠራ አልነበረም። ሰው ይሳሳታል። የመልካም ሜዳ ጥቅሙም ስሕተት በሚደርስበት ቀን ነው፤ በመንደርደሪያው መጨረሻ ቦይ ፈንታ ለጥ ያለ መሬት ያገኘ ነጂ መቀጫውን በመኮነን እንጂ በሞት አይከፍልም።

አገራችን ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የዓለም የሲቪል አቪዬሽን ስምምነትን ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ናት። በዚያ ስምምነት ሥር በ1943 ዓ.ም. የወጣው ስለ አደጋ ምርመራ የሚናገረው 13ኛው አባሪ አንድ ትልቅ ነገር ይዟል፤ ይኸውም የምርመራ ዓላማ አደጋው እንዳይደገም ማድረግ ብቻ እንጂ በደልና ተጠያቂነትን ማከፋፈል አይደለም የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ከወረዳ ጽሕፈት ቤታችን ልማድ ጋር አስተያዩት። በእኛ ዘንድ ሪፖርት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ራሱን ከነገሩ ለማውጣት ነው። «በነጂው ቸልተኝነት ምክንያት» ተብሎ የተዘጋ አንድ ገጽ ለጸሐፊው ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ለሚቀጥለው አይሮፕላን ግን ምንም አይሰጥም።

ጥሩ ሪፖርት ምን ይመስላል ያላችሁ እንደ ሆነ፣ የሚጠቅመው ዝርዝር ነው። ያን ቀን በዚያ ሰዓት ነፋሱ ከየት ወዴት ነበር? የነፋሱ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር ወይስ ወርዶ? ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር ወይስ ጉልበት? ከዋዜማው ዘንቧል? ጎማው መጀመሪያ መሬት የነካበት ምልክት ከሜዳው ጫፍ ስንት እርምጃ ነው? ቀድሞ የገባ ከብት፣ የተነሣ ወፍ ነበር? ይህን ለመጻፍ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በአካባቢው መገኘትና ቶሎ መጻፍ ይበቃል፤ የጎማ ምልክት በአንድ ዝናብ ይጠፋልና። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሰው ማውጣት፣ ነዳጅ ፈስሶ እንደ ሆነ ሲጋራ የያዘውንና ሊያይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ማራቅ፣ የቆሰለውን ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ሰዎቹ ከዳኑ በኋላ ስብርባሪውን ማንም እንዳይነካው ማስጠበቅም የዚያው ሥራ ክፍል ነው። ለመታሰቢያ ብሎ አንድ ብሎን ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው ምናልባት መርማሪው አገር አቋርጦ የመጣበትን ነገር ነው የወሰደው።

በሜዳ ዳር ቆሞ የሚጠባበቅ ሰው ሥራም ቀላል አይደለም። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎች የያዘ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አይሮፕላን በጋምቤላ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ሠፈር ሲሄድ በተራራ ላይ ወድቆ ሁሉም አለቁ። ስብርባሪው የተገኘው ብዙ አይሮፕላኖች ከፈለጉት በኋላ በስድስተኛው ቀን ነበር። በተራራ አገር የጠፋ አይሮፕላን እንዲህ ይጠፋል። ስለዚህ በትንሽ ሜዳ ላይ «በአራት ሰዓት ይደርሳል» የተባለ አይሮፕላን አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ካልታየ፣ «ምናልባት ቀርቶ ይሆናል» ብሎ ወደ ቤት መሄድና ወዲያው ስልክ መደወል በመካከላቸው ያለው ልዩነት የቆሰለ ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ስልክ በየኪሱ አለ፤ የሚያስፈልገው በማን ቁጥር እንደሚደወል አስቀድሞ በግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

አንዳንድ ወጣት አንባቢዎቻችን «የትንንሽ ሜዳዎች ዘመን አልፏል፤ አስፋልት መንገድ ገብቷል፤ ትልልቅ ማረፊያዎችም ተሠርተዋል፤ ስለ ሣር ሜዳ መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» ሊሉን ይችላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ መንገድም ይበጠሳል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ባለቁ ጊዜ ሕዝቡ አስከሬን ያወጣ የነበረው በእጁና በአካፋ ነበር፤ ከባድ መኪና የሚደርስበት ሥፍራ አልነበረምና። አይሮፕላን ቢኖር እነዚያ ወገኖች ይድኑ ነበር ለማለት አይደለም። በደጋው አገር አንድ ቀን መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ወይም ወላድ በአየር የሚጓጓዝበት ጊዜ ቢመጣ፣ ሜዳ በዚያ ቀን ተነሥቶ እንደማይደለደል ለማስታወስ ያኽል ነው። ለትልቁ ማረፊያም ቢሆን ወፉም፣ ነፋሱም፣ ቆሻሻውም ያው ነው።

አርባ ምንጭ ለዚህ ሥራ የተመቸ ከተማ ናት። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውኃን አወራረድና የአየርን ጠባይ ያስተምራል። የሜትሮሎጂ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ሲያጣ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በየወሩ በስንት ሰዓት እንደሚዞር ለምን አይለካም? የውኃ ምሕንድስና ተማሪስ በገጠር ያለ አንድ የሣር ሜዳ ላይ ውኃ ለምን እንደሚቋጥር፣ ቦዩ በየትኛው በኩል መቆፈር እንዳለበት ሄዶ ለምን አያይም? የሥነ ሕይወት ተማሪ ደግሞ አባ ኮዳው ማለዳ ከየት ወዴት እንደሚበር፣ በመንደርደሪያው አቅጣጫ ያልፍ እንደ ሆነ ቢቆጥር፣ ጽሑፉ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ይልቅ በአይሮፕላን ማረፊያው ሹም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ለወጣት ሠራተኞቻችን ደግሞ የምንለው ከዚህ ያነሰ ነው። በወረዳችሁ አይሮፕላን የሚያርፍበት ወይም ያርፍበት የነበረ ሜዳ እንዳለ ጠይቁ። ካለ፣ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይዋ በከረረችበት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራችሁ ሂዱበት፤ ርዝመቱን በእርምጃ ቁጠሩ፤ ጉድጓዱን፣ የምስጥ ኩይሳውን፣ የተቀደደውን ጨርቅ፣ በዳሩ የተጣለውን ቆሻሻ በደብተር ጻፉ። ቀኑንና ስማችሁን ከሥሩ አድርጉበት። ቦይ የሚጠረገውና ሣር የሚታጨደው ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ነውና ይህ ጉብኝት በየካቲት ቢሆን ይመረጣል።